በዛብህና ሰብለ የካ አባዶ ቢኖሩ፦ በፋን ፊክሽን ውስጥ ስለሚጣሉ ፍቅረኞች

ባለፈው ክረምት ነው። ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥላ በሬን አንኳኳች። ውሃ ፈልጋ መስሎኝ "እኔም አልቆብኛል" ልላት ስል ስልኳን ዘረጋችልኝ።

"ቲቸር፣ የጻፍኩት ነገር አለ። ያዩልኛል?"

አስራ አንደኛ ክፍል ናት። ታሪኳን በክፍል በክፍል እየቆረጠች ቴሌግራም ላይ ትለቃለች። የፍቅር እስከ መቃብሮቹ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ታሪክ ነው፤ ግን አልሞቱም። ተጋብተዋል። የሚኖሩትም እዚሁ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዛብህ ያስተምራል። በመጽሐፉም የሰብለ አስተማሪ ስለነበር እሱ አልከነከነኝም።

አስራ ሁለቱን ክፍል በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። አንድም ቀን አልተጣሉም። ጠዋት ቡና ታፈላለታለች፣ ማታ አበባ ይዞላት ይገባል። አበባ! ከመገናኛ አባዶ ድረስ፣ ለሦስት በተሠራ የታክሲ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ ተጣቦ፣ አበባ ሳይጨፈለቅበት የሚደርስ አስተማሪ እኔ አላየሁም። በአስራ ሁለቱም ክፍል ውስጥ ደግሞ ውሃ ጠፍቶ አያውቅም።

"እንዴት ነው?" አለችኝ።

"የፊደል ግድፈት የለበትም" አልኳት። ገባት። ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።

ያን ቀን በቅጡ ያልመለስኩላትን ነው አሁን የምጽፈው። እንደ እሷ የሚጽፉ ብዙ ልጆች ስላሉ ለእነሱም ይሆናል።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ። ፋን ፊክሽን ማለት አንድን ድርሰት ወይም ፊልም አብዝቶ የወደደ ሰው ገጸ ባሕርያቱን ተውሶ የራሱን ታሪክ ሲጽፍ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው ለገንዘብ ብሎ አይደለም። ስታር ትሬክ የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ የሚወዱ ሰዎች በ1967 እ.ኤ.አ. "ስፖካናሊያ" የምትባል መጽሔት ራሳቸው አዘጋጅተው ማሰራጨት ጀመሩ። ብዙ ሰው የዛሬውን ፋን ፊክሽን መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ማንም ሰው ታሪኩን ኢንተርኔት ላይ የሚለቅበት ዋትፓድ መጣ። "አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን" የሚባለው ትልቁ ማከማቻ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተከፈተ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብወለድ ሽልማት ወስዷል። ልጆቹ የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። ሁለት ሰዎች እንዲዋደዱ ከፈለጉ "ሺፕ አደርጋቸዋለሁ" ይላሉ። በዋናው ድርሰት ውስጥ ያለው ሁሉ "ካነን" ነው።

ስሙ አዲስ ቢሆንም ሥራው ለእኛ አዲስ አይመስለኝም። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርከው እናቴ ትከታተል ነበር። መጨረሻው ላይ ሬዲዮኑን ዘግታ "ምናለ ትንሽ ቀደም ብላ በደረሰች!" አለች። እዚያ ላይ ግን አላቆመችም። ሽንኩርት እየከተፈች ትዳራቸውን ትቀጥለው ጀመር። ስንት ልጅ እንደሚወልዱ፣ ፊታውራሪ መሸሻ መጨረሻ ላይ እንዴት እንደሚታረቁ። እናቴ ዋትፓድ አልነበራትም እንጂ።

ልጅቷ ለምን ፍጹም ትዳር እንደጻፈች ይገባኛል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ እነዚህን ሁለት ሰዎች ያላለቀሰላቸው የለም። ተዋደዱ፣ ተለያዩ፣ ተፈላለጉ፣ በመጨረሻ ሞት ለያያቸው። ጎጆ አልወጡም። "ዛሬ ቆሻሻ የሚያወርደው ማን ነው?" ተባብለው አያውቁም። አንባቢ ካሳ ይፈልጋል። (ጉዱ ካሳን አይደለም።) በኋላ ስጠይቃት እሷም ያለችኝ ይህንኑ ነው። "ቲቸር፣ እነሱ እኮ በጣም ተሰቃይተዋል። እኔም ደግሞ ላሰቃያቸው?"

ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። ልብ የሚያሞቅ አንድ ክፍል መጻፍ ኃጢአት አይደለም። ሰው ከሥራ ደክሞ ገብቶ ጣፋጭ ነገር ማንበብ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? አስራ ሁለት ክፍል ሙሉ ካሳ ሲሆን ግን ገጸ ባሕርያቱ ቀስ በቀስ ይጠፋሉ። ስማቸው ብቻ ይቀራል። የእሷን ታሪክ ስማቸውን ቀይራችሁ ብታነቡት ስለማንም ባልና ሚስት ሊሆን ይችላል። ይህ የቆየ ችግር ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ፓውላ ስሚዝ የምትባል የስታር ትሬክ አድናቂ በነገሩ ተሰላችታ የቀልድ ታሪክ ጻፈች። ባለታሪኳ ሜሪ ሱ ትባላለች፤ ገና በልጅነቷ መኮንን የሆነች፣ ሁሉን የምትችል፣ ሁሉም የሚወዳት። ከዚያ ወዲህ እንከን የለሽ ገጸ ባሕርይ ሁሉ "ሜሪ ሱ" ተባለ። የእኔዋ ልጅ ያደረገችው አንድ ሜሪ ሱ ፈጥራ ከሌላ ሜሪ ሱ ጋር ማጋባት ነው።

ታዲያ ጉድለቱ ከየት ይምጣ? ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ይሳሳታል። "እውነተኛ ይምሰል" ተብሎ ሲነገረው ከሌላ ቦታ ጠብ ገዝቶ ያመጣል። በዛብህ በድንገት ይጠጣል። ሰብለ በድንገት በቆንጆ ጎረቤት ትቀናለች። አንባቢው "እሱ እንዲህ አያደርግም!" ብሎ ይናደዳል። ልክም ነው። ፋን ፊክሽን ላይ አንባቢው ሰዎቹን ከጸሐፊው እኩል ያውቃቸዋል።

የሚሻለው እንዲወደዱ ያደረጋቸውን ነገር ይዞ "ይሄ ነገር ቤት ውስጥ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ምን ይሆናል?" ብሎ መጠየቅ ነው። ሰብለ ወንጌልን ለምን እንወዳታለን? የፊታውራሪ ልጅ ሆና የአባቷን ቤት ጥላ፣ መነኩሴ መስላ መንገድ ስለገባች ነው። ከወሰነች ወሰነች። ይህች ሴት ስታገባስ? መወሰኗን የምታቆም ይመስላችኋል? ሳታማክር ትወስናለች። በዛብህስ? ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተስለው የሰጡት ልጅ። ነገሩ ሲታወቅ ሕይወቱን ለማትረፍ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ። ያኔ መሸሹ ትክክል ነበር። ግን አንድ ጊዜ ሸሽቶ የተረፈ ሰው ችግር ሲመጣ እግሩ ወደ በሩ ነው የሚያየው። ያቺ ደፋር፣ ይህ ሸሺ። ጠቡ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው። መጨመር አያስፈልግም።

ይህን ለልጅቷ ሳስረዳት "በምሳሌ ያሳዩኝ" አለችኝ። ወረቀት አውጥቼ እንዲህ ጻፍኩላት።

በዛብህ ከሥራ ገባ። በረንዳው ላይ ጥቁር ሮቶ ቆሟል። ልብስ ማስጫው ተነስቷል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሮቶ።"

"ሮቶ መሆኑንማ አያለሁ።"

"ዕቁቡ ደረሰኝ።"

ዕቁቡ ለማስተርስ መመዝገቢያው ነበር። ተነጋግረው ነበር። ቢያንስ እሱ የተነጋገሩ መስሎታል።

"እራት ላቅርብ?"

"በልቻለሁ።"

አልበላም። ጫማውን ሳያወልቅ ተመልሶ ወጣ።

እዚህ ላይ ማንም አልጮኸም፤ እቃም አልተሰበረም። ሁለቱም እውነት አላቸው። አራት ፎቅ ጀሪካን የምትሸከመው እሷ ናት፤ እሱ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ወጥቶ ማታ አንድ ሰዓት ነው የሚገባው። የፊታውራሪ ልጅ በአባቷ ቤት ውሃ ቀድታ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ከእሱ ጋር ስትኖር ግን ለምዳዋለች፣ አንድ ቀን እንኳ አላማረረችም። እሱ ደግሞ ማስተርሱን ለራሱ ክብር ብሎ ብቻ አልፈለገውም፤ ደሞዙ ከፍ ካለ ወደ ታችኛው ፎቅ መዛወር ይችላሉ ብሎ አስቦ ነበር። ይህን ግን አልነገራትም። ዝምተኛ ነዋ። አንባቢው ለየትኛው እንደሚፈርድ ግራ ሲገባው ታሪኩ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው።

ልጅቷ ወረቀቱን አንብባ "አሁን ይፋታሉ?" አለች። ሳቄ መጣ። የዚህ ዘመን ልጆች በፍጹም ፍቅርና በፍቺ መካከል ምንም መንገድ ያለ አይመስላቸውም። እዚያ መካከል ያለው ግን ትዳር የሚባለው ነገር ነው።

ጆን ጎትማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለትዳሮችን አንድ ቤት እያስቀመጠ፣ በካሜራ እየቀረጸ፣ ሲያወሩና ሲጨቃጨቁ አጠናቸው። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ለጸሐፊ ወርቅ ነው። የባልና ሚስት ጭቅጭቅ 69 በመቶው ፈጽሞ የማይፈታ ነው ይላል። ከባህሪ ልዩነት የሚመጣ ስለሆነ ተመልሶ ተመልሶ ይመጣል። ደህና የሚኖሩትም የማይኖሩትም ይህ አለባቸው። ስለዚህ ሰብለ በክፍል አስራ አምስት "ከእንግዲህ ሳላማክርህ ምንም አላደርግም" ብላ ብትምል አትመኗት። በክፍል አስራ ሰባት ሶፋ ትቀይራለች።

ልዩነቱ ሰዎቹ እንዴት ይጣላሉ የሚለው ላይ ነው። ጎትማን ትዳርን ያፈርሳሉ የሚላቸው አራት ነገሮች አሉ፦ የሰውየውን ባህሪ መንቀፍ፣ ንቀት፣ ሁልጊዜ ራስን መከላከል፣ እና ግንብ ሆኖ ዝም ማለት። ከሁሉም የከፋው ንቀት ነው። በዛብህ "ሳትነግሪኝ ሮቶ ገዛሽ" ቢላት ቅሬታ ነው። "አንቺ መቼም ሰው አማክረሽ አታውቂም" ቢላት ነቀፋ ሆነ። "የፊታውራሪ ልጅ አይደለሽ፣ ማዘዝ ለምደሻል" ካላትስ? እዚያ ላይ ንቀት ገባ። እሷም "ቆሎ ተማሪ!" ብላ ልትመልስለት ትችላለች። አስተዋላችሁ? መጽሐፉ ውስጥ የለያያቸው የዘርና የሀብት ግንብ አሁን ማድ ቤታቸው ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለውን ቃል ጸሐፊ በየክፍሉ አይረጨውም። በአንድ ታሪክ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ከተባለ በኋላም አንባቢው እስኪደነግጥ ድረስ ዝም ማለት ነው።

አራተኛው፣ ግንብ መሆን፣ እኛ ጋ ሲደርስ የራሱ ስምና ወግ አለው። ኩርፊያ። የውጭ ፋን ፊክሽን እያነበቡ ያደጉ ልጆች ሲጽፉ ጥንዶቻቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው "ስሜትህን ንገረኝ" ይባባላሉ። እኔ የማውቃቸው የአባዶ ባልና ሚስቶች ይኮራረፋሉ። ኩርፊያ ደግሞ ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ቀን "በልቻለሁ" ነው። በሁለተኛው ቀን ይበላል፤ ግን በአንድ ትሪ አይደለም፣ ለየብቻ ሳህን ይቀርባል። እንግዳ ከመጣ ኩርፊያው ለጊዜው ይታጠፋል፤ እንግዳው ሲወጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ልጅ ካለ ልጁ መልእክተኛ ይሆናል። "አባትህን እራት ቀርቧል በለው።" አባትየው እኮ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው። ልጁም እየዞረ "አባዬ፣ እራት ቀርቧል" ይላል።

ቋንቋችን ራሱ ለዚህ የተሠራ ይመስለኛል። ደስ ሲለው "ሰብልዬ" ነበረች። ቅር ሲለው "ሰብለ" ትሆናለች። ሲብስ "ሰብለ ወንጌል" ብሎ ሙሉ ስሟን ይጠራል። ሲመርረው "እርስዎ እንዳሉ ይሁን" ይላል። ክብሩ ከጥፊ ይበልጣል። "ተናደደ" ብሎ መጻፍ ሳያስፈልግ አንዲት ቃል በመቀየር ብቻ የክፍሉን አየር ማቀዝቀዝ ይቻላል። ይህን የሚጠቀም ወጣት ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

እርቁም እንደዚያው ነው። ጎትማን "የጥገና ሙከራ" የሚለው አለ፤ ጠቡ እንዳይሰፋ አንደኛው ወገን የሚወረውራት ትንሽ ነገር። ቀልድ ልትሆን ትችላለች፣ መንካት ልትሆን ትችላለች። ዋናው ሌላኛው ሰው መቀበሉ ነው። እኛ ቤት ይህ ሙከራ ምን ይመስላል? በሦስተኛው ቀን አንዱ አፉን ይከፍትና "ወጡ ጨው አንሶታል" ይላል። በጭራሽ የፍቅር ቃል አይመስልም። ግን ከሦስት ቀን በኋላ የተነገረ የመጀመሪያ ቃል ነው። እሷ ጨው አምጥታ ብታስቀምጥ እርቁ ተጀመረ። "በልቻለሁ ብለህ አልነበር?" ብላ ብትስቅ ደግሞ አለቀ። ዝም ብላ ብትነሳ ገና አንድ ቀን ይቀራል። እኔ ብሆን አንድ ሙሉ ክፍል በዚህ ጨው ላይ እጽፍ ነበር። "ስሎው በርን" የሚሉት፣ ቀስ ብሎ የሚነድ ፍቅር፣ ከመጋባት በፊት ብቻ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ከኩርፊያ በኋላም አለ።

አሁን አንድ ከበድ ያለ ነገር። "ጉድለት ያለበት ፍቅር ጻፉ" ሲባል አንዳንዱ ጉድለትና ጭካኔን ያምታታል። ልጅቷ ሌላም ታሪክ ነበራት፤ የምትወደውን የተከታታይ ድራማ ገጸ ባሕርይ ወስዳ አንዲት ተማሪ እንዲጠልፍ አድርጋዋለች። ያፍናታል፣ ስልኳን ይቀማታል፣ በሩን ይቆልፋል። በክፍል ስድስት ትወደዋለች። "በጣም ስለሚወዳት ነው እኮ" አለችኝ። ዋትፓድ ላይ እንዲህ ያለው ሞልቷል። ሌላው ዓለም ምናልባት እንደ ቅዠት ያነበዋል። እኛ ግን ጠለፋን የምናውቀው በሰው ላይ ሲደርስ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ከቅጣት እንዲያመልጥ በር ትቶለት ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ጠልፎ ማግባት እንደ መልካም ፍጻሜ ሲጻፍ የድሮውን ሕግ መልሶ እንደማውጣት ይመስለኛል። ይህን ስነግራት ብዙ ዝም አለች።

ታዲያ በጠለፋ ዙሪያ አይጻፍ ማለቴ አይደለም። ይጻፍ። ግን ጸሐፊው የሚጽፈውን ይወቅ። እኔ የምጠቀምባት ጥያቄ አንዲት ናት፦ ሌላኛዋ "አይሆንም" ብትል ምን ይደርስባታል? ሰብለ ሮቶውን ባትመልስ የሚደርስባት ኩርፊያ ነው። ያቺ የታፈነች ተማሪ እምቢ ብትል የሚደርስባት ሌላ ነው። ፈርታው ዝም ካለች ያ ኩርፊያ አይደለም። ትላልቆቹ የፋን ፊክሽን ማከማቻዎች ጸሐፊው ከታሪኩ በላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጥፍ ያደርጋሉ፤ ዓመፅ አለበት፣ ለልጆች አይሆንም የሚል። ቴሌግራም ላይ ይህ የለም። አንድ መስመር ከላይ መጻፍ ግን ማንንም አይገድልም።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። አማት ካስገባችሁ ሰይጣን አታድርጓት፤ ደክሟት የመጣች ሴት አድርጓት። የብር ጉዳይ ከሆነ ቁጥሩን ጻፉ፤ "ገንዘብ አጠራቸው" ማንንም አያሳስብም፣ የታክሲ ሳንቲም መቁጠር ግን ያሳስባል። ድካምንም አትርሱ። ከከተማ ዳር የሚኖር ሰው ግማሹ ጠባዩ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲህ ሰልፍ ነው። ሰብለ በዛብህን በሩ ላይ ስታየው ያልወደዳት የሚመስላት ቀን ብዙ ይሆናል። እሱ ግን ጣፎ ላይ አርባ ደቂቃ ቆሞ ነው የመጣው።

ልጅቷ ሁለት ሳምንት ጠፋች። ከዚያ አንድ ማታ ክፍል አስራ ሦስትን ላከችልኝ። የእኔን ሮቶ ወስዳዋለች፤ ሳታስፈቅደኝ ነው፣ ግን ፋን ፊክሽን አይደል? በዛብህ ለሁለት ቀን አኩርፏል። በሦስተኛው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ ይመጣል። ቱቦው ሲያጉረመርም የሚነቃው እሱ ነው። ሰብለን አይቀሰቅሳትም። በጨለማ በረንዳ ላይ ቆሞ ያንን የጠላውን ሮቶ እስከ አፉ ይሞላዋል። ጠዋት እሷ ተነስታ ክዳኑን ከፍታ ታየዋለች፤ እሱ ሥራ ሄዷል። ምንም አትልም። ምሳ ዕቃውን ረስቶ እንደሄደ ታያለች።

"ይቅርታ አልተባባሉም" ብላ ጻፈችልኝ። "ችግር አለው?"

"የለውም" አልኳት። ምሳ ዕቃው የሷ ሐሳብ ነበር። እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ተከታታዮቿ ግን ተናደዋል። አስተያየቱን አሳየችኝ። ግማሹ "ጥፋቱ የሷ ነው፣ ዕቁቡን ማን ፈቀደላት?" ይላል። ግማሹ "እሱ አራት ፎቅ ጀሪካን ተሸክሞ ይየው!" ይላል። አንዱ ደግሞ የሮቶውን ዋጋ ጠይቋል።